የመሊካ አሎሎ

ዘይኑዲን በበርበሬ በረንዳ ጀርባ ባለው የብረት ሥራ ሱቁ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው የሳንቃ ቆጥ ላይ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን የፈነከተው አሎሎ ከአጠገቡ ወድቋል። አሎሎው የመሊካ ነበር።

መሊካን ልምሻ በልጅነቷ ሁለት እግሯን ነሥቷታል፤ ቤተሰቦቿም እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከጓዳ አላወጧትም። ተሽከርካሪ ወንበር ሠርቶ፣ አሎሎ ውርወራ አምስት ዓመት ያሠለጠናት ዘይኑዲን ነው። በዚያ ጥቅምት፣ በ1961 ዓ.ም.፣ ለአካል ጉዳተኞች የዓለም ውድድር ልትበር ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር።

መርማሪው ሻምበል ኃይለየሱስ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ መሊካን፣ ታላቅ ወንድሟን ጃፋርንና የሟቹን የሥራ ባልደረባ ወርቁን ሱቁ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ጃፋር። «ጠዋት መጥቼ ከበሩ ላይ ቀና ስል በደም ተነክሮ ተዘርግቷል። ወላሂ፣ ወደ ውስጥ እንኳ አልገባሁም፤ ጮህኩ።»

«ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ» አለ ወርቁ፣ «መሰላሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አውርጄ ቆጡ ላይ አስደግፌ የወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለው ሻምበሉ።

«ተጣልተን ነበር። ታርቀናልም።»

ሻምበሉ ወደ መሊካ ዞረ። «አሎሎው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። ትናንት ከልምምድ በኋላ እሱ ዘንድ ትቼው ሄድኩ።»

«እሷን ይተዉአት!» አለ ጃፋር። «ሽባ እኮ ናት፤ መሰላል አትወጣም።»

የመሊካ ፊት ተለዋወጠ። «ማነው አትወጣም ያለው? በሽባነቴ ነፃ መውጣት አልፈልግም!»

ከወንበሯ ወረደች። መሰላሉን ጨብጣ፣ እግሮቿን እየጎተተች በክንዷ ብቻ መውጣት ጀመረች። ሻምበሉ አላገዳትም።

«ምን ይታይሻል?» አላት እመሃል ስትደርስ።

«የቆጡ ሳንቃ።»

«አሁንስ?»

«ሳንቃ ብቻ።»

ጫፉ ላይ ደርሳ አንገቷን ወደ ቆጡ አሻገረች። «ደሙ... አሁን ደሙ ይታያል።»

ሻምበሉ ወደ ጃፋር ተመለሰ። «እህትህ መውጣት ትችላለች። ነገር ግን ቆሞ የማይሄድ ሰው መሰላሉን ከራሴ በላይ ካለው ማንጠልጠያ አይሰቅልም። ቆጡ ላይ የተኛ ሰው ደግሞ የሚታየው ከመሰላሉ ጫፍ ነው። አንተ ከበሩ ላይ ሆነህ እንዴት አየኸው? ያየኸው ወጥተህ ነው። ከዚያም ወርደህ መሰላሉን ሰቀልክ።»

ከሻምበሉ ጋር የመጣው ፖሊስ የጃፋርን ኮት ሲፈትሽ የመሊካ ፓስፖርት ወጣ።

«ዘይኑዲን እዚያ ላይ ደብቆት ነበር» አለ ጃፋር። «ጉዳችንን ባሕር ማዶ ሊያሳይ! ልወስደው ስል ያዘኝ፤ አሎሎው እጄ ገባ...»

«ጉድ አይደለሁም!» አለች መሊካ ከላይ።

ጃፋርን ሲወስዱት መሊካ ወርዳ ወንበሯ ላይ ተመለሰች፤ ሻምበሉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐዘን ላይ ነሽ። ጉዞው ይቅር?»

«አይቀርም። ፓስፖርቴን ይስጡኝ።»

ፓስፖርቱ ማስረጃ ነበር፤ ሻምበሉ ግን ቁጥሩን በደብተሩ ገልብጦ ሰጣት።

በውድድሩ አምስተኛ ወጣች። አንድ ጋዜጠኛ ስለ እግሮቿ ደጋግሞ ቢጠይቃት፣ «የምወረውረው በእጄ ነው፤ ስለ እሱ ጠይቀኝ» አለችው።