ያልተቆረጠው ቪዲዮ

ሳተላይት ሶፋ ሠሪ ነው። ሳተላይት እናት አባቱ ያወጡለት ስም እንዳይመስላችሁ፤ የሰፈርተኛው ስጦታ ነው። የተቀዳደደ ሶፋ ውሰዱለት፤ ስፖንጁን ቀይሮ፣ ጨርቁን ወጥሮ፣ ሚስማሩን መትቶ አዲስ አድርጎ ይመልስላችኋል። እጁ ወርቅ ነው። አፉ ግን፣ አይጣል ነው! ደንበኛው ገና ወንበሩን ሳይሞክር፣ "ይኸውልህ፣ እኛ እኮ ከላይም ከታችም እየታየን ነው" ብሎ ይጀምርለታል። ከላይ የሚያዩን ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው። ከታች የሚያየን መንግሥት ነው። ሁለቱ ተመሳጥረዋል ወይስ አልተመሳጠሩም የሚለው ብቻ ነው እስካሁን ያልለየለት።

ታዲያ ይጠነቀቃል። ማንም ፊቱን እንዳያይበት በስልኩ የፊት ካሜራ ላይ ጥቁር የሶፋ ጨርቅ ቆርጦ ለጥፎበታል። የኋላውን ካሜራ ግን አልሸፈነውም። እሱ ለሰማይ ያስፈልጋል።

ሥራ ሲቀዘቅዝለት "ያልተነገረን" የሚባል የበይነ መረብ ቡድን ውስጥ ይገባና ይከራከራል። በዚያ ሰሞን ቡድኑ በሁለት ነገር ይታመስ ነበር፤ አንዱ ሰማይ ላይ ታዩ የሚባሉ መብራቶች፣ ሌላው ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣ ረቂቅ ሕግ። ሳተላይት በሁለቱም ግንባር ቀደም ተሟጋች ነበር።

"ይህ ሕግ ይቀደድ!" ብሎ ጻፈ አንድ ቀን። "እንጠብቅላችኋለን ብለው ጓዳችን ሊገቡ ነው። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ማለት ይሄ ነው!"

ቡድኑ ውስጥ ጠበቃው የሚሉት አንድ ሰው ነበር፤ ሥራውም ጥብቅና ነው። "ወንድሜ ሳተላይት፣ መንግሥትን መጠርጠርህ አልከፋም። ሥልጣን የያዘ ሁሉ መጠየቅ አለበት" ሲል መለሰለት። "ግን ሕጉ ስለ መንግሥት ብቻ አይደለም። እኔና አንተም ዓይን አለን፤ ካሜራም አለን። ምስሉ ያለ ፈቃዱ የተበተነበት ሰው ቶሎ እንዲነሳለት የሚያስገድድ አንቀጽ አለበት። እስቲ ከመቃወምህ በፊት አንብበው።"

"እኔ ሳላነብ ነው የምቃወመው!" አለ ሳተላይት። ቡድኑ በሳቅ አጨበጨበለት።

እንግዲህ ይህ ቀን ከሌት ስለ ምስጢር የሚሟገት ሰው፣ በገዛ ቤቱ እውነተኛ ምስጢር ነበረው።

ሚስቱ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ማን ምን እንዳመመው ታውቃለች፤ ከአፏ ግን አንዲት ቃል አትወጣም። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ግራ እጇ በጀሶ ታስሮ፣ ትንሽ ልጅ አስከትላ ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። ከሌላ ከተማ ነው የመጣችው። እጇን የሰበረው ባሏ ነው። ታስሮ ነበር፤ ተፈታ። ሲፈታም፣ "ከመሬት በታች ብትገባ አገኛታለሁ፤ ያን ጊዜ የምሰብረው እጇን አይደለም" ብሎ እንደዛተ ነገሯት። ሰውዬው ደግሞ ያለውን የሚያደርግ ነው። ዘመድ ቤት ብትገባ በአንድ ቀን ያገኛታል፤ ስለዚህ ዘመድ ያልሆነ ቤት ያስፈልጋት ነበር። የሳተላይት ሚስት ይዛት መጣች።

ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ ጎዳና ረግጣ አታውቅም። ሳተላይት ሱቅ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ የትራስ ልብስ በመኪና ትሰፋለች። መኖሪያቸው ከሱቁ በላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ልብስ የሚሰጣበት ጠፍጣፋ ጣሪያ አለ። አመሻሽ ላይ ልብስ ልትሰበስብ ወደዚያ ትወጣለች። ሰማይ የምታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልጅቷን ሚጡ ይሏታል። ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር መግባት የተወችው ገና በቅርቡ ነው። ትምህርት ቤት ልትገባ ስለነበር ሳተላይት ከተረፈው የሶፋ ጨርቅ ቦርሳ ሰፍቶላታል። ቦርሳዋን ታቅፋ ነበር የምትተኛው።

"ስሟን አትጥራ፤ ፎቶዋን አታንሳ፤ እንግዳ አለን እንኳ እንዳትል" ብላው ነበር ሚስቱ።

"ለኔ? ለኔ ነው ስለ ምስጢር የምትነግሪኝ?" ብሎ ተቆጣ ሳተላይት።

አንድ ቀን ሱቁን ሊዘጋ ወጥቶ ቀና ቢል፣ በደበዘዘው ሰማይ ላይ ሦስት መብራቶች ተደርድረው ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ደረጃውን እየዘለለ ጣሪያው ላይ ወጣና ቀረጸ። መብራቶቹ ቆሙ፤ ወደ ጎን ታጠፉ፤ ጠፉ። "ወይኔ አምላኬ! ወይኔ!" ይላል ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ሚጡ ከተሰጣው አንሶላ ሥር ብቅ ብላ "እማዬ፣ እማዬ፣ እዪው!" ብላ ጮኸች። እናቷ የደረቀውን ልብስ እንዳቀፈች ዞር አለች፤ ሰማዩን አየችና ሳቀች። እዚያ ቤት ከገባች ወዲህ ስትስቅ ያያት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን መልሶ አየው። መብራቶቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል። ሴትየዋም ወጥታለች።

መቁረጥ ይችል ነበር። ግን የቡድኑ ትልቁ ደንብ "ያልተቆረጠ" የሚል ነው። የተቆረጠ ቪዲዮ ያመጣ ሰው አጭበርባሪ ተብሎ ይባረራል። ስንቱን ሰው ሳተላይት ራሱ "ምኑን ነው የቆረጥከው? ስንት ከፈሉህ?" እያለ አሳድዶታል። "ብልጭ ብላ ነው የጠፋችው" አለ ለራሱ። "ማን እሷን ያያል? ሰው ሰማዩን ነው የሚያየው።" ሳይቆርጠው ቡድኑ ውስጥ ለቀቀው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ከስልክ የወጣውማ ምን ሊባል ነው!

ሲነጋ ሳተላይት ዝነኛ ሆኖ አደረ። የማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ አወደሱት። ቡድኑ ውስጥ ኮምፓስ የሚባል ሰው አለ፤ ቪዲዮ የት እንደተቀረጸ ከጣሪያና ከምሰሶ ተነስቶ ያገኛል፤ ይህን ሥራ "ማጣራት" ይሉታል። ኮምፓስ ከቪዲዮው ጥግ ላይ የስልክ ማማና የዱቄት ፋብሪካ ጭስ ማውጫ አየና ከተማውንም ሰፈሩንም ነገራቸው። "ተሳሳትኩ?" ብሎ ጠየቀ።

ሳተላይት በደስታ ተነፋፍቶ፣ "አንበሳ! ልክ ነህ፣ የኛው ሰፈር ነው!" ብሎ መለሰለት።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየወጠረ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ፎቶም ስምም የሌለው ሰው ነው። እንዲህ ይላል፦ "ልብስ የምትሰበስበዋ ሴት ግራ እጇ አልዳነላትም እንዴ? አሁንም አጥፋ ነው የምትይዘው።"

ሳተላይት ክው አለ። ደግሞ አነበበው። ያቺ እጅ እንደተሰበረች የሚያውቅ፣ የሰበራት ሰው ነው። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

"ምን ሆንክ ጋሼ?" አለች ሴትየዋ ከመጋረጃው ጀርባ።

"ምንም... እጄን መታሁት" አላት።

ቪዲዮውን ከቡድኑ ላይ አጠፋው። ምን ዋጋ አለው? ሌሎች ወስደው፣ ለሌሎች አቀብለው፣ እነዚያም በትነውታል። እዚህ ሲያስጠፋ እዚያ ብቅ ይላል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ለሚስቱ መንገር ነበረበት፤ ፈራ፤ አልነገራትም። "ምናልባት የሚቀልድ ሰው ይሆናል፤ ደግሞስ ሰፈሩ ትንሽ ነው እንዴ?" እያለ ራሱን ደለለ። ደረጃው ቀጭ ባለ ቁጥር እየባነነ፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነጋ።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ሱቁ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ትሕትናው የበዛ። "ሥራ ያቅልልህ ወንድሜ" አለና አዲሱ ሶፋ ላይ ተቀመጠ። የትራሱን ስፌት በጣቱ ዳበሰው። "ቆንጆ እጅ ነው። ማን ሰፋልህ?"

ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

"እኔው ነኝ" አለ ሳተላይት።

"መኪና ሲሠራ የሰማሁ መሰለኝ።"

"ሚስቴ ናት።"

ሰውዬው ፈገግ አለ። "እህቴን ፍለጋ ነው የመጣሁት። አእምሮዋን ትንሽ አሟት፣ ልጅ ይዛ ከቤት ጠፋች። እናታችን እያለቀሰች ነው። እዚህ ሰፈር ጣሪያ ላይ ልብስ ስትሰበስብ ታይታለች። ሳተላይት የሚባለው ማን ነው ብል ወደዚህ ጠቆሙኝ።" ተነሣ። ወደ መጋረጃው ራመድ አለ። "ለባለቤትህ ሰላም ልበላት። ሴት ለሴት ትተዋወቃለች።"

ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። ሚጡ ጠረጴዛው ሥር እንደገባች ሳተላይት ሳያያት ዐወቀ። መዶሻ አንስቶ ሰው የሚመታ ሰው አይደለም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጮኽ።

"ሰላይ!" አለ በድንገት። "ኧረ ጎረቤት! ሰላይ መጣብኝ! መታወቂያህን አውጣ! ማን ነው የላከህ? ከላይ ነህ ከታች?"

ሰፈርተኛው ይህን ዓይነት ጩኸት ለምዶታል። "ደግሞ ዛሬ ምን አገኘ?" እያለ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ፣ ጫማ ሰፊው ከነመርፌው፣ አላፊ አግዳሚውም በሩ ላይ እየሳቀ ተሰበሰበ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ሰውዬው ፊቱን ከስልኮቹ ሸሸገ።

"ጤነኛ አይደለም መሰለኝ" አለና መውጫ አበጀ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ሳተላይት ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "ሚስትህን ሰላም በልልኝ። እመለሳለሁ" አለው።

ሰዉ ስቆ ስቆ ተበተነ። ሳተላይት በሩን ቀረቀረው፤ እጁ ግን መቀርቀሪያውን አልለቅ አለ።

መጋረጃው ተገለጠ። ሴትየዋ በቀኝ እጇ መቀስ ጨብጣለች፤ ግራ እጇን ደረቷ ላይ አጥፋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ጋሼ" አለች፣ "እኔ ከዚህ በር ወጥቼ አላውቅም። እንዴት አገኘኝ?"

ሳተላይት ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን አሳያት። እስከ መጨረሻው አየችው። አልጮኸችም፤ አልተራገመችም። "ስቄ ነበር እንዴ?" አለች። ቀጥላም፣ "ስስቅ አይቶኛል ማለት ነው። ይሄንን አይምረኝም።"

ሚስቱ ተጠርታ መጣች፤ እንደዚያ ስትቆጣ አይቷት አያውቅም። "እኔ የስንቱን ሰው ገበና በሆዴ ይዤ እኖራለሁ፤ አንተ አንዲት ሴት መሸሸግ አቃተህ?" አለችው። "መንግሥት ጓዳዬን አየ እያልክ ታለቅሳለህ፤ የሰው ጓዳ አደባባይ ያሰጣኸው ግን አንተ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ!"

"ሰማዩን ብቻ ነበር የፈለግኩት..."

"እሷስ? እሷ ሰማይ ላይ ነበረች?"

ለፖሊስ አመለከቱ። ቃላቸውን ተቀበሏቸው፤ እንፈልገዋለን አሏቸው። እስኪገኝ ድረስ ግን እዚያ ቤት ማደር አልተቻለም። ከመምሸቱ በፊት ሚስቱ እናትና ልጅን በጤና ጣቢያው መኪና ይዛ ወጣች። ሚጡ የሶፋ ጨርቅ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላለች፤ ደብተር ይገባበታል የተባለው ቦርሳ ካልሲና ሹራብ ተጠቅጥቆበታል። "ትምህርት ቤቱስ?" ብላ ጠየቀችው ሳተላይትን። ጎንበስ ብሎ የቦርሳዋን ማንገቻ አጠበቀላት።

ቀጥሎ የሚይዘው የሚጨብጠው ቢጠፋው ቪዲዮውን ከየቦታው አስነሳልኝ ብሎ ለዚያው ለጠበቃው ጻፈለት። ጠበቃው አልተዘባበተበትም። "የምችለውን አደርጋለሁ፤ ግን አንድ በአንድ መለመን ነው" አለው። "ያ አንቀጽ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ በልመና ፈንታ በሕግ እናስነሳው ነበር። ይቀደድ ያልከው ሕግ ውስጥ ነው ያለው። መንግሥትን መጠየቅህ ልክ ነበር፣ ወንድሜ። ራስህን አለመጠየቅህ ነው ጥፋቱ።"

ሳተላይት ቡድኑ ውስጥ ገብቶ የሆነውን ጻፈ፤ ቪዲዮውን አጥፉልኝ ብሎ ለመነ። አንዳንዱ ደንግጦ አጠፋ። ሌላው ግን፣ "አሃ! ስንት ከፈሉህ?" አለው። ያቺን ቃል ያስተማራቸው እሱ ነበር።

ሚስቱ ብቻዋን ተመለሰች። "ደረሱ?" አላት።

"ደረሱ።"

"የት ናቸው?"

ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ አየችው። "አንተ ባታውቅ ይሻላል" አለች።

ወገኖቼ፣ መንግሥት ምን ያያል ብላችሁ መጠየቃችሁን አትተዉ፤ ሰማይ ላይ ምን አለ ብላችሁም ተመራመሩ። ግን ስልካችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ከፊታችሁ ማን እንደቆመ እዩ። የዚያ ሰው ፊት የእናንተ አይደለም፤ ሕይወቱም በእናንተ ጣት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። መብራቶቹ ምን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ክርክሩም ቀጥሏል። ሴትየዋ የት እንደነበረች ግን በአንድ ቀን ታወቀ።

ሳተላይት ዛሬም ሶፋ ይሠራል። በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል፤ ያ ሰው እመለሳለሁ እንዳለ ነው፣ ገና አልተያዘም። ስልኩን ያየ ደንበኛ ግን አንድ ለውጥ ያስተውላል። ያቺ ጥቁር የሶፋ ጨርቅ የፊት ካሜራው ላይ የለችም። ነቅሎ ከኋላው ላይ ለጥፏታል።