ቀይ ነጥብ የሌለበት መንገድ

ሰውየው የጠጣበትን ኩባያ አጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፤ ከዚያ ሳያመነታ ከማጠቢያው በላይ ካሉት ሦስት ቁም ሳጥኖች መካከለኛውን ከፍቶ በቦታው አስቀመጠው። ኮራ ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። እሷ ራሷ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደዚህ ቤት ስትመላለስ ኖራ፣ እስከ ዛሬ ኩባያ ፍለጋ ሦስቱንም በር ትከፍታለች።

«ዴል ይባላል» አለች ጓደኛዋ ታቢ፣ ቦርሳዋን ወንበር ላይ እየወረወረች። «የእማዬ የአጎት ልጅ ነው። የውሃ ማሞቂያውን ሊጠግንልን መጥቶ ነው።»

ዴል ፈገግ አለ። ዕድሜው ወደ አምሳ ይጠጋል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የጸዳ ነው። ማሞቂያ ሲፈታ የዋለ ሰው እጅ አይመስልም።

«አንቺን አውቅሻለሁ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «የቨርና ልጅ ነሽ። ኮሪደሩ ጫፍ ቁጭ ብለሽ የምታጠኚዋ።»

«አዎ» አለች ኮራ።

«ጎበዝ ተማሪ ናት» አለ ወደ ታቢ ዞሮ። «ጎበዝ ተማሪ ደግሞ የሰው ወረቀት ላይ አታይም። አይደል?»

መልስ ሳይጠብቅ በጓሮ በር ወጣ። ታቢ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከሰውየው እግር ኮቴ ቀድሞ ጠፋ።

ኮራ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ሁለቱንም ጊዜ በወረዳው ፍርድ ቤት ምድር ቤት፣ የሸሪፉ፣ የወረዳው ፖሊስ አዛዥ፣ ቢሮ በር ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ። እናቷ ቨርና እዚያ ትሠራለች፤ በወሲብ ወንጀል ተፈርዶባቸው ከእስር የወጡ ሰዎችን መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት። ወንጀላቸው ከባድ የነበረው በየሦስት ወሩ ይመጣሉ። ፎቶ ይነሳሉ፤ አድራሻቸውን፣ የሚሠሩበትን ቦታ፣ የመኪና ሰሌዳቸውን፣ ስልካቸውን ይናገራሉ፤ ይፈርማሉ። እናቷ አድራሻውን ካርታ ላይ ትጭነዋለች፤ ቦታው ላይ ቀይ ነጥብ ይወጣል። በዙሪያው ላሉ ቤቶች ሁሉ የሰውየው ፎቶ ያለበት ካርድ በፖስታ ይደርሳል።

ካርታውን ማንም በስልኩ ከፍቶ ማየት ይችላል። በቴልፎርድ ከተማ ቤት የሚገዛ ሰው ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ካርታውን ይከፍታል። ኮራ በምትኖርበት መንገድ ላይ አንድ ነጥብ አለ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አቶ ስትራውድ ናቸው። ልጆች በራቸው ላይ እንቁላል ይወረውራሉ፤ እናቶች መንገዱን ተሻግረው ያልፋሉ። የታቢ ቤት ያለበት መንገድ ግን አንድም ነጥብ የለውም። ስለዚህ እዚያ በር አይቆለፍም፤ ሕፃናት እስኪመሽ መንገድ ላይ ይጫወታሉ።

የዴል ነጥብ ያለው ከከተማ ውጭ፣ በዘጠነኛው መንገድ ላይ፣ ከእህል ጎተራዎቹ ማዶ ነው። የቆመ ተጎታች ቤት።

«አግዳሚው ላይ ያየሽውን እዚያው አግዳሚው ላይ ትተሽ ነይ» ትላታለች እናቷ ሁልጊዜ። ኮራም እስካሁን ትታ ትመጣ ነበር።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ግን መተው አቃታት። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ የገበሬ ልጆችን ሲያወርድ በዘጠነኛው መንገድ ያልፋል። በቆሎው ታጭዶ ስላለቀ ተጎታች ቤቱ ከመስኮት በደንብ ይታያል። ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው የማስታወቂያ ወረቀት በር እጀታው ላይ ሰክቶ ሄዷል፤ ቢጫ ወረቀት። ዓርብ እዚያው ነው። ሰኞም እዚያው ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ሲያልፉ ወረቀቱ ተነስቷል፣ መጋረጃው ተከፍቷል፤ ረቡዕ መጋረጃው ተመልሶ ተዘግቷል።

የዴል መኪና ደግሞ በታቢ ቤት ጓሮ፣ በዕቃ ማስቀመጫውና በአጥሩ መካከል፣ ከመንገድ በማይታይበት ቦታ ትቆማለች። ከማክሰኞ በስተቀር።

ማክሰኞ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ኮራ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። አድራሻ እየዞረ የሚያጣራው የሸሪፉ ምክትል ላይል ነው። ላይል በሌሎቹ ቀናት እስረኛ ያመላልሳል፣ ችሎት ይጠብቃል፤ ነፃ የሚሆነው ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ይሄዳል፤ ያንኳኳል፤ ሰውየው ይከፍታል፤ ላይል ቅጹ ላይ «ተገኝቷል» ብሎ ይጽፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች እንኳ «ማክሰኞ የላይል ናት» እያሉ ሲቀልዱ ሰምታለች። ላይልም አብሯቸው ይስቃል።

ታቢን በእረፍት ሰዓት ከሜዳው ደረጃ ላይ አገኘቻት።

«ማሞቂያው አልተጠገነም እንዴ?»

«የምን ማሞቂያ?»

«ዴል የሚጠግነው ነዋ። ሁለት ሳምንት ሆነው እኮ። ፋብሪካው ራሱ እስካሁን አዲስ ሠርቶ በላከላችሁ ነበር።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«የአጎት ልጅ አይደለም፣ ታቢ። እኔ የት እንዳየሁት ታውቂያለሽ።»

ታቢ የያዘችውን ፖም አገላበጠችው፤ ሳትገምጠው መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አውቃለሁ» አለች። «እማ ነግራኛለች። የድሮ ነገር ነው። ታስሯል፣ ተቀጥቷል፣ አልቋል።»

«ልጅ ያለበት ቤት ማደር አይችልም። ፍርድ ቤት ከልክሎታል።»

«አታካብጂ ባክሽ። ምን አደረገ? ዕቃ ያጥባል። እህቴን የቤት ሥራ ያሠራታል። እማ አባዬ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት አሁን ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብትናገሪ ምን እንደሚመጣ አስበሻል? የሕፃናት ደኅንነት ሰዎች እኔንና ጁኒን ይወስዱናል። እኔን አንድ ቤት፣ እሷን ሌላ ቤት። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ኮራ። መብራት ሲጠፋ እንኳ ያለ እኔ አትተኛም። በሞቴ። በሞቴ ብያለሁ።»

«እሺ» አለች ኮራ።

ያን «እሺ» ይዛው ዋለች። ማታ ከእናቷ ጋር ወደ ቤት ሲሄዱ መኪና ውስጥም አልለቀቃትም።

«እማ» አለች። «አንድ ሰው፣ የሆነ ሰው ከተመዘገበበት ቤት ሌላ ቦታ እንደሚያድር ቢያውቅ—»

እናቷ ሬዲዮውን አጠፋች። «ቆይ። ከመቀጠልሽ በፊት። ጥያቄ ነው ወይስ ጥቆማ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ጥያቄ ከሆነ እናትሽ ነኝ፤ የማውቀውን እመልስልሻለሁ። ጥቆማ ከሆነ መዝጋቢዋ ነኝ፤ እጽፈዋለሁ። ከተጻፈ በኋላ እኔም አንቺም አንሰርዘውም። የማን ቤት ነው፣ ጓደኛሽ ናት፣ እናቷን አውቃታለሁ፣ አይባልም።»

የመኪናው መብራት የታጨደውን ማሳ ጫፍ ጫፉን እየላሰ አለፈ።

«ጥያቄ ነው» አለች ኮራ።

እናቷ የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰች። «አንቺን የነካሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ኮሪዬ።»

«የለም አልኩሽ እኮ፣ እማ።»

«እንግዲያው ያ አንድ ሰው ሲያስብ ብዙ እንዳይቆይ ንገሪው» አለች እናቷ። ከዚያ በኋላ ቤት እስኪደርሱ መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ነዳች።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ኮራ ከታቢ የተዋሰችውን የሳይንስ ደብተር ለመመለስ ሄደች። ታቢ አልነበረችም። የበረንዳው ደረጃ ላይ ታናሽ እህቷ ጁኒ ብቻዋን በጠመኔ ቤት ትሥላለች፤ የፊት ጥርሷ ከወለቀ ገና ሳምንቱ ነው።

«እኔ መኪና መንዳት እችላለሁ» አለች ጁኒ ቀና ሳትል።

«ውሸታም። እግርሽ የት ይደርስና?»

«ፔዳሉን እሱ ነው የሚረግጠው። እኔ መሪውን እይዛለሁ። ጎተራዎቹ ጋ ማንም በሌለበት—» አፏን በጠመኔ በነጣ እጇ ያዘች። ዓይኗ ፈጠጠ። «አትናገሪ፣ እሺ? ለእማም ለታቢም አይነገርም ተባብለናል።»

ኮራ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ከዴል ጋር?»

«ሁለት ሚስጥር አለን። ይኼ አንዱ ነው። ሁለተኛውን አልነግርሽም።» ጁኒ በኩራት ጣቶቿን ዘረጋች። «ሦስተኛው ትልቅ ነው። ነገ ከዋና በኋላ ነው የሚነግረኝ።»

«ከዋና የምታመጣሽ እናትሽ አይደለችም?»

«ነገ እማ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች። እሱ ነው የሚያመጣኝ።»

ኮራ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከቤቱ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ሲከፈት፣ ኩባያ ሲታጠብ ተሰማ። ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ። ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ማንም አይታይም፤ ሲርቅ የተሰማ እግር ኮቴም ግን የለም።

ደብተሩን ጁኒ እጅ ላይ ትታ ሄደች። ማታ ለእናቷ ልትነግር ሁለት ጊዜ ወደ ሳሎን ወጣች፤ ሁለት ጊዜም ታቢ «በሞቴ» ስትል ያየችው ፊት መለሳት።

ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮራ ኮሪደሩ ጫፍ ሒሳብ ዘርግታ ተቀምጣ ሳለ ዴል በደረጃው ወረደ። የሦስት ወሩ ቀን ደርሷል። አግዳሚው ሙሉ በሙሉ ባዶ ነበር፤ እሱ ግን ኮራ ባለችበት ጫፍ በኩል መጥቶ ተቀመጠ።

«ሒሳብ ነው?»

«አዎ።»

«ትናንት ጁኒን ስታጫውቻት አየሁሽ። ልጅ ወሬ ታበዛለች። የሌለውንም ትጨምራለች።» ጫማውን ተመለከተ። «ያቺ እናት ግን ስንት መከራ አይታለች። አሁን ደግሞ ልጆቿን ቢወስዱባት፣ ምክንያት የሆነው ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔን አይወስደኝም።»

 የኮራ እርሳስ ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ቀዳዳ አበጀ።

«ሆስኪንስ» ብላ ጠራች እናቷ ከመስታወቱ ጀርባ።

ዴል ተነስቶ ሸሚዙን አስተካከለ። የመስታወቱ መነጋገሪያ ክፍት ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል።

«አድራሻዎ ተለውጧል?»

«ያው ነው፣ እመቤት።»

«ሌላ የሚያድሩበት ቤት አለ?»

«የለም።»

«የሚነዱት መኪና?»

«ያችው አሮጌዋ ናት።»

«ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ጋር ግንኙነት አለዎት?»

«እኔ?» ዴል በትሕትና ሳቀ። «ዶሮ እንኳ የለኝም።»

«አለ ወይስ የለም?»

«የለም።»

«እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ፈረመ። ፎቶ ተነሳ። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ነው። ለኮራ ራሱን በትንሹ ነቅነቅ አድርጎላት ደረጃውን ወጣ። አልቸኮለም። መዋኛው ከዚህ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው፤ ጊዜ አለው።

ኮራ ስልኳን አወጣች። «ልናገር ነው» ብላ ለታቢ ጻፈች። «ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

ታቢ መጻፍ ጀመረች፤ አቆመች። እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ መልእክቱ ገባ። «በሞቴ ብዬሽ ነበር።» ወዲያው ደግሞ ሌላ። «ሁለተኛ ቤታችን እንዳትመጪ።»

ኮራ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበች። «ጁኒን የደበቀችሽ ነገር ካለ ጠይቂያት» ብላ ላከች። መልስ አልመጣም። ሰዓቱ አሥር ሆነ። ከዚያ አሥር ሰዓት ከአምስት።

ሁልጊዜ ወደ እናቷ ቢሮ የምትገባው በጎን በር ነው። ዛሬ ግን ደብተሮቿን እንደተዘረጉ ትታ፣ አግዳሚውን አልፋ፣ መስታወቱ ፊት ለፊት ሄዳ ቆመች።

«ጨርሻለሁ፣ ይቺን ብቻ ላስገባ» አለች እናቷ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳትል።

«እማ» አለች ኮራ። «ጥያቄ አልነበረም።»

እናቷ ቀና አለች። ልጇን አየቻት። ከዚያ ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አወጣች፤ ቀኑን ጻፈች፤ ወደ ኋላ ዞራ «ላይል፣ ና እስቲ» ብላ ተጣራች።

«ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለቻት። «ያየሽውን ብቻ። የመሰለሽን ተዪው።»

ኮራ ሁሉንም በልቧ በቀን በቀን ደርድራው ነበር፤ ጓሮ የተደበቀችውን መኪና፣ ቢጫውን ወረቀት፣ ማክሰኞን። 

«ከመጨረሻው ልጀምር» አለች። «ጁኒ፣ የታቢ እህት፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከዋና ትወጣለች። ሊወስዳት የሚሄደው አሁን ከዚህ የወጣው ሰው ነው።»

እናቷ አልጻፈችም። ብዕሩን ጣለችው፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንከባልሎ ከመውደቁ በፊት ስልኩን አንስታ የመዋኛውን ቁጥር እየመታች ነበር። ላይል የመኪናውን ቁልፍ ከግድግዳው ነቅሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

ኪሷ ውስጥ የኮራ ስልክ ተንቀጠቀጠ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ደግሞ። አላወጣችውም። እጇን መስታወቱ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ እናቷ ስልኩን እስክትዘጋና የቀረውን እስክትጠይቃት ቆማ ጠበቀች።