አራተኛው ቀለም

ይህ ነገር ማታ የሆነ ቢሆን ኖሮ እኔም ራሴ «እንቅልፍ ተጫጭኖኝ ነው» ብዬ እተወው ነበር። ግን የሆነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ወለል ብላ በገባችበት የሥራ ክፍሌ ውስጥ ነው። ማመን ያልፈለገ ይተወው።

ሥራዬ የድሮ ፊልም አልባሳትን መመርመር ነው። ልብሱ መጀመሪያ ከምን ተሠራ? ቀለሙስ ምን ነበር? ሙዚየሞች ይህን ሳያውቁ ለሕዝብ አያሳዩትም። እኔ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የቀለም ቅራፊ በምላጭ አነሳና በማይክሮስኮፕ አያታለሁ።

ያን ቀን የመጣልኝ ልብስ ግን እንደ ሌላው አልነበረም።

የአባቴ ነው።

ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ስለ ጠፈር ሰዎች የተሠራ ፊልም ላይ ለብሶት ተውኖበታል። ከእግር ጣት እስከ አንገት ወጥ ጎማ፣ በላዩ ላይ ብርማ ቀለም፣ ከነሄልሜቱ። ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አባቴ ጠፋ። ሌላ ሴት ይዞ ኮበለለ ተባለ። እማዬ እስክትሞት ድረስ ስትረግመው ኖረች። እኔ ግን ሥራውን ለምኜ ነው የወሰድኩት፤ ከእሱ የቀረ ነገር መንካት ፈልጌ ነበር።

ያሳደገኝ ጋሽ ብሩሽ ነው። የፊልሙ ቀለም ቀቢ ነበር፤ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሙያውን ያስተማረኝ፣ በአባቴ ቦታ ቆሞ የዳረኝም እሱ ነው።

ያን ጠዋት «ላግዝሽ» ብሎ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«ምን ያደክምሻል ልጄ? ተራ ብርማ ቀለም ነው። ጻፊና ላኪው።»

ሳቅኩበት። ሳታዪ አትጻፊ እያለ ያሳደገኝ እሱ ነውና።

ከልብሱ ጀርባ፣ ዚፑ ላይ ካለው ቀለም ቅራፊ አነሳሁ።

አራት ድርብ ቀለም አየሁ። በየመካከሉ ስስ አቧራ አለ። አንዱ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ አድሮ... ሌላው ተደርቦበታል ማለት ነው።

ይሄ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነብኝ ዚፑ ነው።

ዚፕ አንዴ ከተከፈተ በላዩ ያለው ቀለም የግድ ይሰነጠቃል። ይሄኛው ግን ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም።

ከመጀመሪያው ቀለም ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም...

«ባዶውን ይሆናላ የቀቡት» አልኩ ለራሴ።

ከዚያ የልብሱን ደረት መረመርኩ። ሦስቱ የታችኞቹ ቀለሞች ተሸብሽበዋል። ቀለም እንዲህ የሚሸበሸበው ሳይደርቅ ከሥሩ ያለው ነገር ከፍ ዝቅ ሲል ነው።

ሲተነፍስ።

አራተኛው ግን ለጥ ያለ ነው። አንዲት ሽብሽብ የለበትም።

ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

«ጋሼ... ሲቀባ ውስጡ ሰው ነበር?»

ቀና ስል መነጽሩን አውልቆ ይወለውላል።

«ጋሼ!»

«ዚፑ አልከፈት አለ» አለ ረጋ ብሎ። «ልቅደደው ስል ዳይሬክተሩ፣ ሌላ ልብስ የለንም፣ አራት ቀን ነው የቀረን አለ። ውሃ በቀጭን ቱቦ እንሰጠው ነበር። የገላው ሙቀት ቀለሙን እያደበዘዘ አስቸገረኝ። ጠዋት ጠዋት እደርብበት ነበር።»

«አይለምንም ነበር?»

«ይለምናል እንጂ። ስምሽን ይጠራል። ከሄልሜት ውስጥ ብዙም አይሰማም።»

«አራተኛው ለምንድነው ያልተሸበሸበው?»

ፈገግ አለ። ስለ ጥሩ ሥራው እንደተጠየቀ ባለሙያ።

«ያን ቀን አልተንቀሳቀሰም። እንደዚያ የተዋጣልኝ ቀለም የለም።»

ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሬሳውስ?»

«እሱ እኔም አልገባኝም። አልከፈትነውም። በማግስቱ ስናነሳው ግን... ቀልሎ አገኘነው። ባዶ ልብስ።» ትከሻውን ሰበቀ። «ስንት ዓመቱ ልጄ። ይኸው አሳድጌሻለሁ። ተዪው በቃ።»

ወጣሁ። በሩን ዘግቼ ተደገፍኩትና ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የረገመችው የልጁን ስም እየጠራ የሞተ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የገዳዩን እጅ እየሳምኩ አደግኩ።

አምስት ደቂቃ ቢሆነኝ ነው። በሩን ከፈትኩ።

ጋሽ ብሩሽ የለም።

ጫማው ከወንበሩ ሥር ተሰድሮ ተቀምጧል። መነጽሩ አንደኛው ጫማ ውስጥ ነው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፣ ሌላ በር ደግሞ የለም።

ልብሱ የተሰቀለበት የብረት ዘንግ ጎብጧል።

«ልጄ...»

ከሄልሜቱ ውስጥ ነው። ከሩቅ የሚጣራ ይመስላል።

«ልጄ... ክፈቺልኝ...»

ዞሬ ጀርባውን አየሁት። የዚፑ ቀለም አልተሰነጠቀም። እኔ የቀረፍኳት ነጥብ እንኳ ተደፍናለች።

«ቶሎ በይ... ብቻዬን አይደለሁም... ይዞኛል...»

የሄልሜቱ መስታወት ከውስጥ በትንፋሽ ደበዘዘ። ከዚያ ከጎኑ፣ ቀስ ብሎ... ሌላ ትንፋሽ።

ምላጩ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንዴ ብስበው ጎማው ይቀደዳል። አነሳሁት።

መልሼ አስቀመጥኩት።

ለማመሳከሪያ ያዘጋጀሁት የብርማ ቀለም ቆርቆሮ ነበር። ከፈትኩት፣ በደንብ አማሰልኩት፣ ብሩሹን ነከርኩ።

«ምን... ምን እያደረግሽ ነው?»

«አትንቀሳቀስ ጋሼ» አልኩት። «እንዳይሸበሸብ።»

ከደረቱ ጀመርኩ። ጩኸቱ እውነትም ብዙ አይሰማም።

የልብሱ ግራ እጅ ይፍጨረጨራል፣ አየሩን ይቧጥጣል። ቀኝ እጁ ግን ቀስ ብሎ ተነሳና... ፀጉሬን ዳበሰኝ።