ጫጩቷን ማን መለሳት?

አቶ ታደሰ ጓሯቸው ውስጥ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር ተዘርረው፣ የአሉሚኒየም መሰላል አጠገባቸው ወድቆ ተገኙ። የመጡት ፖሊሶች «አደጋ ነው» ብለው ሄዱ። ልጃቸው ሚክያስ ግን ለአደጋም ቢሆን ጥፋተኛ አይጠፋለትም ባይ ነው። ጥፋተኛዋንም አግኝቷታል፤ ሀኒን። ሀኒ መርሳት የጀመራቸውን እናቱን፣ ወይዘሮ የወርቅውሃን፣ የምትንከባከብ ሠራተኛ ናት። የሥራ ፈቃዷን ካስነጠቃት ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ሀኒ ግራ ሲገባት ኦክላንድ ለምትኖረው ለእጅጋየሁ ደወለች። እጅጋየሁ አዲስ አበባ ሃያ ስድስት ዓመት በወንጀል መርማሪነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ የሰው ነገር መፈልፈል ግን ያልተዋት ሴት ናት። በማግስቱ በባቡር ሳን ሆዜ ገብታ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠች። አለቀሰችም፤ መርማሪ አያለቅስም ያለው ማን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ሚክያስን ወደ ጓሮ ይዛው ወጣች።

«መሰላሉ ላይ ለምን ወጡ ትላለህ?»

«ጫጩት ወድቃ ነበራ! አባዬ ሲገኝ ጫጩቷ ጎጆዋ ውስጥ ተመልሳ ነበር። መሰላሉን ያቀረበችለት ሀኒ ናት። ሰማንያ ሊሞላው የደረሰ ሰው! እኔ ሳንታ ክላራ ሚቲንግ ላይ ነበርኩ። ሪፖርት አደርጋታለሁ፣ እትዬ።»

«ሲገነዙ ነበርክ?»

«ራሴ ነኝ ያጠብኩት። ቁስሉ ጆሮ ግንዱ ላይ ብቻ ነው።»

ይህን ሲል አንድ ጥቁር ወፍ ከዛፉ ተወርውሮ አናቱን ወግቶት አለፈ። ሚክያስ ራሱን ይዞ ሸሸ። የተላጨው ራሱ ላይ ደም ጠብ ብሏል።

«ሁሌ እንዲህ ናቸው?»

«ጎጆ ሲኖራቸው ያብዳሉ። የቀረበን ሁሉ ይወጋሉ።»

እጅጋየሁ ወደ ማድ ቤት ገባች።

«ሀኒ፣ ያኔ የት ነበርሽ?»

«ጋራዥ። ልብስ ድራየር ውስጥ እያስገባሁ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ እትዬ።»

«እስኪ ጎንበስ በይ።»

የሹሩባዋ መስመሮች ንጹሕ ነበሩ።

ለቀስተኛው ሲበተን ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ የወርቅውሃ በጥቁር ሻሽ ተሸፍነው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። እጅጋየሁ ሟቹ ወፎቹን እያዩ የሚጽፉበትን ደብተር ገለጠች።

«ያን ዕለት ጠዋት የጻፉት ይኸው። ‹ጫጩቷ ወርዳለች። መብረር ሳትችል መውረድ ልማዳቸው ነው፤ ወላጆቿ መሬት ላይ ያበሏታል። ማንም እንዳይነካት።› ይህን የጻፈ ሰው ጫጩት ሊመልስ አይወጣም። ቢወጡም ወፎቹ መላጣቸውን አይምሩትም ነበር። አናታቸው ግን ምንም አልነካውም። የወጣው ሌላ ሰው ነው።»

«ሀኒ!» አለ ሚክያስ።

«የእሷን አናት አየሁ፤ ጭረት የለውም። የወጣችው ጫጩቷ አንጀቷን የበላቻት፣ ወፎቹ እንደሚያጠቁ የዘነጋች ሴት ናት። መልሳት ወርዳ መሰላሉን ስታነሳ አናቷን ወጓት። ደንግጣ ለቀቀችው። ጫጩቷን እንዳትነካ ሊከለክሉ የመጡትን አቶ ታደሰን መሰላሉ ጆሮ ግንዳቸውን መታቸው። ክፋት የለበትም።»

የሚክያስ ዓይን እናቱ ሻሽ ላይ ቀረ።

«ነጠላቸው ላይ ደም ነበር» አለች ሀኒ በሹክሹክታ። «አጠብኩት። ብነግርህ ነርሲንግ ሆም ታስገባቸዋለህ ብዬ ነው።»

«ይቅርታ፣ ሀኒ» አለ ሚክያስ። ከዚያ ወደ እጅጋየሁ ዞረ። «አሁን ምን ላድርግ?»

እጅጋየሁ ደብተሩን ከደነች። ለዚህ የሚሆን ነገር በሃያ ስድስት ዓመት አልተማረችም፤ አዘነች።

ወይዘሮ የወርቅውሃ ሁሉንም በጥሞና ሲሰሙ ቆይተው ብድግ አሉ። እንባቸው ይወርዳል።

«ታደሰን የገደለችው ሴት ናት? እዚሁ ሰፈር ናት?»

ሦስቱንም በየተራ አዩ።

«አምጡልኝ! ምን አደረገሽ ብዬ ልጠይቃት!» የልጃቸውን እጅጌ ይዘው ጎተቱት። «ሚክያስ፣ አንተ ልጁ አይደለህም እንዴ? ሂድና አምጣልኝ እንጂ!»