ሲሞን አልተናገረም

«ኤልቤ! ኤልቤ፣ ነይ እዪኝ!»

ሲሞን ከጓሮ ይጣራል። ኤልቤቴል ግን የምትሰማበት ጆሮ የላትም። ሳሎን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ለሶፋው ሰጥታለች፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው፣ ጆሮዋ የጆሮ ማዳመጫው ውስጥ። ለጨዋታ ከተፈቀደላት ግማሽ ሰዓት አብዛኛው አልቋል፤ ያ የተረገመ በር ደግሞ ገና አልተከፈተም።

«አየሁህ፣ አየሁህ!» አለች ቀና እንኳን ሳትል። ምኑን እንዳየችው እሷም አታውቅ።

ጨዋታው ኦርቫል ይባላል። በአንድ ጊዜ ከዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ሺህ ሰው የሚገባበት ሰፊ አገር ነው፤ ተራራ አለው፣ ገበያ አለው፣ ጦርነት አለው። እዚያ ተጥደው ውለው የሚያድሩ ሞልተዋል። ኤልቤቴል ግን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጠዋት ትማራለች፤ ከሰዓት ዕቃ ታጥባለች፣ ቤት ታጸዳለች፣ የሰባት ዓመት ወንድሟን ሲሞንን ትጠብቃለች፣ ታጠናለች። ለኦርቫል የሚተርፋት ያቺው ግማሽ ሰዓት ናት፤ እሷም መብራት ካልጠፋና ግቢያቸው ውስጥ የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዋይፋይ ካልተቋረጠ ነው። በዚህች ጊዜ ጀግና ተዋጊ መሆን የት ይገኛል? ስለዚህ ፈዋሽ ሆነች። የፈዋሽ ሥራ ከኋላ ቆሞ የቆሰለውን ማዳን ነው።

«ኤልቤ፣ ፍጠኚ እንጂ አቦ!» የቦንቱ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ቦንቱ የክፍሏ ልጅ ናት፤ ቡድኑ ውስጥ ያስገባቻት እሷ ናት። «ሰዉ ሁሉ አንቺን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ባለፈውም መሀል ላይ ጥለሽን ወጣሽ። ዛሬም ከደገምሽው ያባርሩሻል፤ እኔም ላይ ሙድ ይይዙብኛል!»

በሩ ፊት አንድ ቀንዳም ሐውልት ቆሟል። ሕጉ የታወቀ ነው። የቡድኑ አባላት በሙሉ ሐውልቱ ፊት ይሰግዳሉ፣ ሐውልቱ ኃይል ይሰጣቸዋል፣ በሩም ይከፈታል። ሌሎቹ ሁሉ ግንባራቸውን መሬት አስነክተዋል። ቆማ የቀረችው የኤልቤቴል ፈዋሽ ብቻ ናት። ከእግሯ ሥር አንዲት ቁልፍ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ በእንግሊዝኛ «ስገድ» ትላለች።

ሌላ ልጅ ቢሆን ተጭኖ ያልፋል። ኤልቤቴል ግን የበፍቃዱ ልጅ ናት። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ የቡና ወቅት ሲደርስ አሪቻ ወርዶ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል፣ ወቅቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ዘንድሮ ሳይሄድ በፊት አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጨዋታውን አይቶት ነበር። ይሄው ቀንዳም ብቅ ሲል ጣቱን ቀሰረ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ሐውልት ነው አባዬ። ለማሳመሪያ ነው።»

«አትሰግጂለትም?»

«ኧረ በጭራሽ!»

አባቷ ትንሽ አያትና «እንግዲህ አምንሻለሁ» ብሎ ተነሳ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ቁጣ ይረሳል፤ «አምንሻለሁ» ግን ሆድ ውስጥ ይቀመጣል።

«ኤልቤ! ጥለንሽ ልንገባ ነው!»

ኤልቤቴል ዓይኗን ጨፍና ቁልፏን ተጫነች።

ፈዋሿ ተንበረከከች፣ ግንባሯን ደፋች። በዚያው ቅጽበት ከጓሮ ቋ! የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ አንድ ነገር ዱብ አለ። ኤልቤቴል ክው አለች። ልትነሳ ቃጣት፤ በሩ ደግሞ ገና መከፈት መጀመሩ ነው። «ይከፈትና እሄዳለሁ» አለች በልቧ። አይ ኤልቤቴል! ይህቺ «ይከፈትና» ናት በኋላ እንቅልፍ የምትነሳት።

እሷ ሳትሄድ ሲሞን ራሱ መጣ። ሸሚዙ አፈር በአፈር ሆኗል፤ እጁን ከጆሮው በላይ ጭኗል። ሊያለቅስ ከንፈሩን ሲጥል ስልኩን አየና ለቅሶውን ረሳው። ፈዋሿ እንደተደፋች ናት።

«ይቺ አንቺ ነሽ አይደል?» ዓይኑ ፈጠጠ። «ለጣዖት ሰገድሽ! ቆይ፣ ለአባዬ ባልናገር!»

ኤልቤቴል ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ፊቷ ጋለ። «አንተስ? አቮካዶው ላይ እንዳትወጣ አልተባልክም? ቅርንጫፉን ሰብረህ ወደቅህ አይደል? እኔም ለእማዬ እናገራለሁ!»

ሁለቱ ተፋጠጡ። ውጪ የባጃጅ ጥሩምባ እየጮኸ አለፈ።

«ካልተናገርክ አልናገርም» አለች በመጨረሻ።

«ካልተናገርሽ አልናገርም» አለ እሱም።

ከዚያ ከንፈሮቹን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ያዘ። ተዘግቷል ማለቱ ነው። ሲሞን እንኳን ምስጢር ከረሜላ ሆዱ አይችልም ነበር፤ ዛሬ ግን አምርሮ ነው የቆነጠረው። ኤልቤቴል ራሱን ዳሰሰችው። ከጆሮው በላይ ሎሚ የምታህል እብጠት አለች። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ያዘችለት።

«ያምሃል?»

«ትንሽ ብቻ።»

ብሎ ወጣ። ልጅ ወድቆ ተነስቶ ነው የሚያድገው ብላ ራሷን አጽናናች። እንዲያውም ተመስገን ብላለች፤ እሱ ባይወድቅ ኖሮ አፉን በምን ታዘጋው ነበር?

እናታቸው ገበያነሽ ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ወደ ማምሻው ስትመለስ ሲሞን ሶፋው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። በዚያ ሰዓት እንኳን ሊተኛ ቁጭም ብሎ አያውቅ። ስትቀሰቅሰው በግማሽ ዓይኑ አያትና መልሶ ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ አስመለሰው።

«ወባ ነው» አለች ግንባሩን እየዳሰሰች። «ሰሞኑን ሰፈሩን አዳርሶታል። የኔ ጌታ፣ መቼ ያዘህ?»

ጎረቤታቸው እትዬ መነን ድምፅ ሰምተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ። ብዙም አልጠየቁ፤ እጃቸውን ደረቱ ላይ ጭነው «በኢየሱስ ስም!» እያሉ መጸለይ ጀመሩ። እናቷም ተንበርክካ አብራ ጸለየች። ኤልቤቴል በሩ ጋ ቆማ አሜኑን ለእነሱ ተወችው።

ፈርታለች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። እኔ ስሰግድ እሱ ወደቀ፤ በዚያችው ቅጽበት። ጌታ እኔን ትቶ እሱን መታው ይሆን?  ልናገር ትላለች፣ አባቷ ፊቷ ላይ ይመጣል፤ ዝም ልበል ትላለች፣ የሲሞን ፊት ይመጣል። የሲሞን ፊት አመድ መስሏል።

«ሲሙዬ፣ እስቲ ንገረኝ» አለች እናቷ ጸሎቱ ሲያበቃ። «የት ጋ ነው የሚያምህ?»

ሲሞን ዓይኑን በግድ ከፈተ። እናቱን አላየም። ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ፈልጎ ኤልቤቴልን አገኛት። ከዚያ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳና ከንፈሮቹን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ያዘ።

«ሊያስመልሰው ነው!» አለች እናቷ ደንግጣ። «ኤልቤ፣ ሳህን! ምን ያስቆምሻል?»

ኤልቤቴል ሳህኑን ልታመጣ በጓሮ በር ወደ ማዕድ ቤት ወጣች። የተሰበረው ቅርንጫፍ መሬት ላይ ተንጋሏል። ቀና ብላ የተሰበረበትን ቦታ ፈለገች። ታች ፈለገች፣ መሀል ፈለገች። ያገኘችው ከጣሪያው በላይ ነው። ከዚያ ነው የወደቀው! አቮካዶ እኮ አይታመንም፤ ሲያዩት ወፍራም ነው፣ ሲረግጡት ይከዳል። ደግሞም ትምህርት ቤት በቀይ መስቀል ክበብ የተማሩት ትዝ አላት፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው፣ ያስመለሰው ሰው ለነገ አይባልም።

ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ቦንቱ ናት። «በሩን አለፍን! ቡድኑ ምን አለ መሰለሽ? እንደ ኤልቤ ያለ ፈዋሽ የለም!» ኤልቤቴል አንብባ ስልኩን አጠፋችው። ማልቀስ አማራት፤ ግን ጊዜ አልነበራትም።

ስትመለስ እናቷ ለሲሞን ማስታገሻ ሰጥታ ብርድ ልብስ እያለበሰችው ነው።

«አሁን ይተኛ» ትላለች። «እንቅልፍ ራሱ መድኃኒት ነው። ጠዋት ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ።»

«ይተኛ፣ ይተኛ» አሉ እትዬ መነንም።

«አይተኛ!»

ሁለቱም ዞሩ። ኤልቤቴል ራሷም ማን እንደጮኸ ገና አሁን ማወቋ ነው። 

«እማዬ፣ ወባ አይደለም። ከአቮካዶው ላይ ወድቋል። ከላይ፣ ከላዩ ላይ! ጭንቅላቱን ነው የተመታው። እዪው፣ ከጆሮው በላይ እዪው!»

እናቷ የሲሞንን ፀጉር በጣቷ ገለጠች። ሎሚዋ እንቁላል አክላለች። እትዬ መነን በዚያ ዕድሜያቸው ባጃጅ ሊያስቆሙ ሮጡ።

ባጃጁ ውስጥ ሲሞን እናቱ ጭን ላይ ተኝቶ እግሩን ኤልቤቴል ይዛለች። እናቷ «ሲሙ፣ አትተኛ፣ አትተኛ የኔ ጌታ» እያለች ጉንጩን መታ መታ ታደርጋለች። እሱ የሚያየው እህቱን ነው።

«እኔ አልተናገርኩም» አለ፣ ጉሮሮው ውስጥ በሚቀር ድምፅ።

«አውቃለሁ» አለች ኤልቤቴል። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «እኔ ነኝ የተናገርኩት።»

ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለቻቸው። ዓይኑን በባትሪ አየች፣ ስሙን ጠየቀችው፣ ጣት አስቆጠረችው፣ ጭንቅላቱን ሲቲ ስካን እንዲነሳ ላከችው። ፎቶውን ካየች በኋላ ፊቷ ብዙም አልተፈታም።

«ውስጡ ትንሽ ደም አለ» አለች ለእናቷ። «ከዚህ ካልጨመረ ራሱ ይመጠጣል። ከጨመረ ግን ወደ ትልቅ ሆስፒታል እንልከዋለን። እዚሁ አስተኝተን እንከታተለዋለን። ተኝቶ ቤት ቢያድር ኖሮ...» የጀመረችውን አልጨረሰችውም። «ደግ አደረጋችሁ አመጣችሁት።»

ሐኪሟ ስትወጣ እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ገና አሁን ነው ወደ ልጇ ዞራ ያየቻት። ኤልቤቴል ጥያቄው እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ባጃጁ ውስጥም ታውቀው ነበር። የፈሩት ይደርሳል ነው ነገሩ።

«ሲወድቅ አንቺ የት ነበርሽ?»

 ኤልቤቴል ሳትመልስ ከአልጋው ላይ ደካማ ድምፅ ቀደማት።

«ታጠና ነበር» አለ ሲሞን። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። «እኔ ነኝ ሳልነግራት የወጣሁት።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። እጇን ዘርግታ ኤልቤቴልን ሳብ አደረገቻትና ራሷን ዳበሰቻት። «አይዞሽ የኔ ልጅ። አንቺማ ምን ታደርጊ?» አለቻት። ኤልቤቴል ያቺ እጅ እንዳትነሳ ተመኘች። ደግሞ እንድትነሳም ፈለገች፤ የእናቷ እጅ ከብዳታለች።

የእናቷ ስልክ ጠራ። አሪቻ ላይ ኔትዎርክ በስንት ጊዜው ተገኝቶ አባቷ ነው። እናቷ እያለቀሰችም እየተረጋጋችም ነገረችው። «አዎ፣ ከዛፍ... አዎ፣ አሁን ደህና ነው፣ እያዩት ነው... ኤልቤማ እያጠናች ነበር፤ ባትናገር ኖሮ እኮ ወባ ነው ብዬ አስተኝቼው ነበር... እሺ፣ እንካት።»

ስልኩን ዘረጋችላት።

«ኤልቤዬ» አለ አባቷ። ድምፁ ሩቅ ነው፤ ከኋላው የቡና መፈልፈያ ማሽን ይጮኻል። «አይዞሽ፣ እንዳትደነግጪ። ወንድምሽን ያዳንሽው አንቺ ነሽ። እኔ በአንቺ መቼ አፍሬ አውቃለሁ?»

ኤልቤቴል ወደ አልጋው አየች። ሲሞን በአንድ ዓይኑ እያያት ነው። የመድኃኒት ቱቦ የተሰካበትን እጁን በቀስታ አነሳና ከንፈሮቹን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ያዘ።

ጎንበስ ብላ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አላቀቀቻቸው። እጁን በእጇ ያዘች። 

«አባዬ» አለች፣ «ያ ቀንዳም ሐውልት ትዝ ይልሃል?»