የቤቱ ዓመል

«ስለ ግድግዳው ካልጠየቁሽ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» አለች የምሥራቅ እናት ይታይሽ፣ ጃንጥላዋን ከበሩ ጀርባ እያነሳች። «ትከፍቻለሽ፣ ታሳያለሽ፣ ትቆልፊያለሽ። አለቀ።»

ምሥራቅ ቁልፉን በጣቷ ላይ ታሽከረክራለች። «ከጠየቁኝስ?»

እናቷ ጫማዋን እያጠለቀች ትንሽ አሰበች። ቅዳሜ ቢሆንም ቢሮ ተጠርታ ልቧ ግማሹ እዚያ ደርሷል። «ከጠየቁሽ ደውዪልኝ» አለችና ደረጃውን ወረደች።

ቁልፉ የአሥራ ስድስት ቁጥር ቤት ነው። ከእነምሥራቅ በር ፊት ለፊት ነው ያለው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮንዶሚኒየሙ የመጨረሻው ጫፍ። ባለቤቱ ጋሽ እንዳልካቸው ባሕር ዳር ነው የሚኖሩት። ለይታይሽ የሩቅ ዘመድ ስለሆኑ ቁልፉን እሷ ዘንድ አደራ ትተዋል። ቤቱ ከሰኔ ጀምሮ ተከራይ አጥቶ ባዶ ነው።

እስከ ሰኔ ድረስ ግን ባዶ አልነበረም። ሃጀር ነበረችበት። ምሥራቅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሃጀር ጋር ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው፣ የምትመለሰው፣ የምታጠናው፣ የምትጣላው፣ የምትታረቀው። ከዚያ የሃጀር አባት አቶ ሙሄ የጨርቅ ሱቃቸውን ዘግተው ቤተሰቡን ይዘው ዳንግላ ገቡ። ሱቁ ከስሮ አይደለም። ትንሹ ልጃቸው ሙእሚን ክረምት በመጣ ቁጥር ሳሉ አላስተኛ ስላለው ነው። የሚተኛው በመኝታ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ሥር ነበር።

የእንጅባራ ዝናብ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። ግንቦት ላይ ይጀምርና ደስ ሲለው ነው የሚያቆመው። ያ ግድግዳ ደግሞ ዝናቡ ከያዘ ያልበዋል። መጀመሪያ ይረጥባል፣ ቀጥሎ ይነፋፋል፣ ነሐሴ ላይ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። ባለፈው ሳምንት ጋሽ እንዳልካቸው ቀለም ቀቢ ልከው ያንን አንድ ግድግዳ ብቻ አስቀቡት። አሁን እንደ ቅቤ ለስልሶ ቆሟል።

ሃጀር ከሄደች ወዲህ ምሥራቅ አራቱን ፎቅ ብቻዋን ነው የምትወጣው። በብሎኩ ውስጥ የባንክ ሠራተኞች፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ብዙ ሕፃናት አሉ። በዕድሜ የሚቀርባት የሁለተኛ ፎቁ የአምስት ዓመት ልጅ ነው፤ እሱም የሚያወራው ስለ ዳይኖሰር ብቻ ነው። የሚስቅ ሰው ድምፅ ከደረጃው በሰማች ቁጥር ሳታስበው በሩን ከፍታ ትመለከታለች። ብቸኝነት እንዲህ ያቄላል።

ስልኳን አወጣችና ለሃጀር ጻፈች። «ዛሬ ቤታችሁን የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉ።»

«ቤታችን አይደለም አቦ። ሴት ልጅ አላቸው?»

«አላቸው። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት አሉ። ከእኔ በአንድ ክፍል ትበልጣለች።»

«በቃ ተተካሁ!» የሚስቅ ፊት ላከች። ወዲያው ሌላ መልእክት መጣ። «ግድግዳውን ነግረሻቸዋል?»

ምሥራቅ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሃጀር ለምን አልመለስሽም ብትላት ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር ትላታለች።

አምስት ሰዓት ሲሆን ከደረጃው የከባድ ሰው ትንፋሽ ተሰማ። ብቅ ስትል አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ትልቅ የዱቄት ጆንያ ተሸክመው ሲወጡ አየች። ከኋላቸው አንዲት ረዘም ያለች ልጅ የጆንያውን ጫፍ ደግፋ ትገፋለች፤ እየገፋችም ትስቃለች።

«ሰው እዚህ ድረስ ወጥቶ ነው የሚተኛው?» አሉ ሰውየው ጆንያውን መሬት ላይ አሳርፈው። «እንደምን አረፈድሽ ልጄ። ወገኔ እባላለሁ። ከጥሊሊ ወዲያ ካለው ቀበሌ ነው የመጣነው። ይቺ ልጄ ደጊቱ ናት፤ እዚህ ነው የምትማረው።»

«ባጃጁ አልጠብቅም ብሎ ነው» አለች ደጊቱ ወደ ጆንያው እያመለከተች። «ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ቤት ዞረናል። የዓመት ስንቄ ከእኔ እኩል ቤት እየፈለገ ነው።»

ምሥራቅ ሳቀች። ልጅቱን ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ወደደቻት።

ቤቱን ሊያዩ የሚመጡ የከተማ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ሴራሚኩን ነው። አቶ ወገኔ ሴራሚኩን እንኳ ልብ አላሉትም። መስኮቱን ከፈቱና ፀሐይ በየት እንደምትገባ ጠየቁ። የበሩን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሱ። ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚያድር፣ ጠጪ እንዳለ፣ ሌሊት የሚጮህ እንዳለ ጠየቁ። በመጨረሻ ሳሎኑ መሃል ቆመው ከዘራቸውን ተመረኮዙ።

«እንግዲህ ልጄ፣ የዚህ ቤት ዓመሉ ምንድን ነው?»

«ምን አሉ አባባ?»

«በሬ ስገዛ ሻጩን የምጠይቀው እሱን ነው። ጥርሱንና ሰኮናውን ራሴ አየዋለሁ። ይዋጋ እንደሆነ፣ ትልም ላይ ይተኛ እንደሆነ ግን የሚያውቀው አብሮት የኖረ ነው። ዓመሉን ደብቆ የሸጠ ሰው፣ በሳምንቱ በሬው ደጁ ላይ ተመልሶ ይታሰርለታል። በእኛ ዘንድ ደንቡ እንዲያ ነው። ቤት ግን ሲያስቸግር ጎትቼ አልመልሰው ነገር።»

«አባዬ ደግሞ!» አለች ደጊቱ አፍራ።

ምሥራቅ ግን ጥያቄው ደስ አላት። «ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው» አለች። «መጥቶም አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ከታች በጄሪካን ነው የምናወጣው። ዛሬም ስትገቡ ሰልፉን አይታችኋል። የመብራት ቆጣሪው ደግሞ ከአሥራ አራት ቁጥር ጋር አንድ ላይ ነው፤ ክፍያው ሲመጣ ጭቅጭቅ አለ። የውጭው በር ማታ ሦስት ሰዓት ይዘጋል። ካመሻችሁ ዘበኛው እስኪነቃ ትጮሃላችሁ።»

«ጄሪካን ለእኔ ብርቅ አይደለም» አለች ደጊቱ። «እኔ የምፈልገው መብራት ነው። አምና ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። አከራይዋ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ታጠፋብናለች። ፊዚክስ በስልክ ባትሪ ነው ያጠናሁት፤ ውጤቴም የባትሪ ያህል ነው።»

«እኔ ጄሪካኑን አግዝሻለሁ» አለች ምሥራቅ ሳታስበው።

ወደ መኝታ ቤቱ ገቡ። አቶ ወገኔ ዙሪያውን አዩና በቀጥታ ወደ ጀርባው ግድግዳ ሄዱ። መዳፋቸውን ለጠፉበት። «የሦስቱ ቀለም ያረጀ ነው። ይሄ ብቻ ምነው አዲስ ተቀባ?»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በሁለት በር ርቀት። ሄዳ እናቷ ዘንድ መደወል ትችል ነበር። ደጊቱ ግን መስኮቱ ጋ ቆማ አልጋዋን የት እንደምታደርግ በእርምጃ እየለካች ነበር።

«ለማሳመር ነው» አለች ምሥራቅ።

«እርጥበት የለውም?»

«የለውም።»

ድምፅዋ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ ነው የወጣው። ራሷም ገረማት።

አቶ ወገኔ ወደ ልጃቸው ዞሩና በአገውኛ ተናገሩ። የከተማ ልጅ ትሰማናለች ብለው አላሰቡም። ምሥራቅ ግን በልጅነቷ ክረምት ክረምቱን ጥርባ አጠገብ አጎቷ ቤት ነበር የምታሳልፈው። ምላሷ ይንተባተባል እንጂ ጆሮዋ አንድም ቃል አያመልጠውም።

«ቤቱን አላውቀውም» አሉ። «ልጅቱን ግን አየኋት። ውሃው እንደማይወጣ እኛ መች እናውቅ ነበር? ራሷ ናት የነገረችን። ይህን የነገረች ልጅ ሌላውን አትደብቅም። በእሷ ተማምኜ ነው የምይዘው።»

ምሥራቅ ፊቷ ጋለ። ስለ ውሃው ስትነግራቸው እውነተኛ ሰው የሆነች መስሏት ልቧ ሞቆ ነበር። ለካ ያ ሁሉ እውነት ውሸቷን አስጊጦ ነው ያቀረበላት።

አቶ ወገኔ ጆንያውን ከሳሎን እየጎተቱ አመጡት። «ዱቄቱን እዚህ እናስጠጋው፤ ከመስኮቱም ይርቃል» ብለው በአዲሱ ቀለም ላይ አስደገፉት። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር ስልክ አወጡና የጋሽ እንዳልካቸውን ቁጥር ይፈልጉ ጀመር።

ምሥራቅ ጆንያውን አየችው። እዚያው ቦታ ላይ የሃጀር አባት የጨርቅ ካርቶን አስቀምጠው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሲያነሱት ጨርቁ ጸጉር አብቅሎ ነበር። ሃጀርና እሷ በዚያ ስቀዋል። በሙእሚን ሳል ግን አልሳቁም።

«የአንቺ መኝታ የት ጋ ነው?» አለቻት ደጊቱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ማታ ማታ አብረን እናጠናለን አይደል? እኔ ፊዚክስ አልችልም እንጂ ታሪክ ላይ አሪፍ ነኝ።»

ምሥራቅ ሦስት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ይህንን ነበር። እንደ ሰማችውም አፏ ተከፈተ፤ የወጣው ግን ያሰበችው «እሺ» አልነበረም። በአገውኛ ነበር፤ የተሰባበረና የልጅ አገውኛ።

«ግድግዳው ያልበዋል።»

አቶ ወገኔ ጣታቸው ስልኩ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ክረምት ያልበዋል» ብላ በአማርኛ ቀጠለች፤ አንዴ ከጀመረች በኋላ ማቆም አልቻለችም። «ሻጋታ ያወጣል። ቀለሙ የተቀባው ለሱ ነው። እዚህ የሚተኛው የጓደኛዬ ወንድም ታሞበት ነው ቤቱን የለቀቁት። ዱቄቱም ይበላሻል። ዋሸሁዎት አባባ።»

 አቶ ወገኔ ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

«አገውኛ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ።»

«ቅድም ያልኩትንም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ዋሺ ያለችሽ እናትሽ ናት?»

«አይደለችም!» አለች ምሥራቅ ቶሎ ብላ። «እሷ ከጠየቁሽ ደውዪልኝ ነው ያለችኝ። እኔ ነኝ።»

«ምነው ታዲያ?»

ይህ ከሁሉ ከባዱ ነበር። ምሥራቅ ደጊቱን ላለማየት መሬቱን አየች። «ብቻዬን ስለሆንኩ» አለች። «እዚህ እንድትገባ ፈልጌ ነው።»

ደጊቱ ከአጠገቧ ርቃ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ አቶ ወገኔ። «ልጅቱ ያንቺ ብትሆን እዚህ ታስተኚያት ነበር?»

አልጋውን ሳሎን ማድረግ ይቻላል ልትል ነበር። ዝናቡ እኮ ጥቅምት ላይ ያባራል ልትልም ነበር። ሁለቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ።

«አላስተኛትም።»

ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀላት ነበር። ጆንያውን ከግድግዳው አላቀው በመዳፋቸው ጠረጉት። ጀርባው ላይ ትንሽ ቀለም ነክቶት ነበር። ከዚያ ወደ ደረጃው ተመለከቱና በረጅሙ ተነፈሱ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሌላ ቤት ደግሞ ገና አልተገኘም።

«እኛ ጋ ይቀመጥ» አለች ምሥራቅ። «ቤት እስክታገኙ። የእኛ በዚያኛው በኩል ነው፣ ፀሐይ ያገኘዋል። ግድግዳችን ደረቅ ነው።» ተናግራ ሳትጨርስ ለምን እንደሚያምኗት ምክንያት አጣች። «መጥተው ይንኩት» አለች።

የራሷን በር ከፈተችላቸው። ደጊቱ የጆንያውን አንድ ጫፍ ይዛ መጎተት ጀመረች። ምሥራቅ ሌላውን ያዘች። ኮሪደሩን አቋርጠው ከመጻሕፍት መደርደሪያው አጠገብ አቆሙት። አቶ ወገኔ ተከትለው ገቡ። እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ፤ መዳፋቸው ሊነካው ትንሽ ሲቀረው ግን መለሱት።

«ደረቅ ነው ካልሽ ደረቅ ነው» አሉ።

ምሥራቅ እንባዋ ሊመጣ ስለሆነ ጆንያውን ማቃናት ጀመረች። የተቃና ነበር።

ሲወጡ ደጊቱ በሩ ላይ ወደኋላ ቀረች። አሁንም በደንብ አልሳቀችም፤ ዓይኗ ግን እንደ ቅድሙ አልራቀም። «ተናድጄብሻለሁ» አለች። «ዱቄቱን ልወስድ ስመጣ ይለቀኝ ይሆናል። ደግሞ እንዳትጋግሪው።»

«እንጀራ መጋገር አልችልም።»

«ይኸው ሌላ ዓመል» አለች ደጊቱና ደረጃውን ወረደች።

ምሥራቅ አሥራ ስድስት ቁጥርን ቆለፈች። ቤቷ ገብታ ጠረጴዛው ላይ የተገለበጠውን ስልክ አነሣች። የሃጀር ጥያቄ እዚያው አለ። «ነገርኳቸው» ብላ ጻፈችላት። ከዚያ ጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ደወለች። እናቷ በሁለተኛው ጥሪ አነሣች።

«እሺ፣ ምን ሆነ? ወደዱት?»

«እማዬ» አለች ምሥራቅ፣ «ጠየቁኝ።»