ዘግይቶ የተነሳው ምስል

ዘው ብሎ ገባና መብራቱን ቦግ አደረገው።

«አጥፋው! ምስል እያየሁ ነው!» ጮኸችበት ራዲዮሎጂስቷ። ለሆስፒታሉ ገና አዲስ ናት።

«ይቅርታ...» አጥፍቶ ከኋላዋ ቆመ።

የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ ነው። ዝናውን ሰምታለች፤ መልኩን ግን ማንም አልነገራትም! ልቧ ድንግጥ አለ።

ከመስታወቱ ማዶ፣ ሲቲ ስካኑ ላይ የተኙት ጡረተኛ አናጢ የእሱ ኩራት ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ያበጠውን ትልቁን የደም ሥር አምና የጠገነላቸው ሆዳቸውን ሳይከፍት፣ በብሽሽታቸው በኩል ቱቦ አስገብቶ ነው። ዛሬ ለክትትል መጥተዋል።

«ቱቦው ፍንክች አላለም። በይ ይውረዱ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

እውነትም የደሙን መንገድ በነጭ የሚያሳየው ቀለም እንደተወጋ የተነሳው ምስል እንከን የለውም። እሷ ግን የአምናውን ከጎኑ ከፈተች። መቀነስ የነበረበት እብጠት ጭራሽ ጨምሯል።

«አይወርዱም። እብጠቱ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገባ ደም ካለ ወዲያው አይታይም። ትንሽ ቆይተን እንደገና እናነሳለን።»

«ሥራዬን ተጠራጠርሽ?»

«እብጠቱን ነው የተጠራጠርኩት» አለችና ማይክሮፎኑን ተጫነች። «አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«ምን ቸገረኝ ልጄ፣ የተኛ ሰው ምን ያስቸኩለዋል!»

ዘግይቶ በተነሳው ምስል ላይ፣ ከቱቦው ውጭ፣ ስስ ነጭ መስመር ብቅ አለ። ከኋላ ባለች ትንሽ ሥር በኩል ደም እብጠቱ ውስጥ እየገባ ነው። ሳይታወቅ ቢቀር እብጠቱ አንድ ቀን ፈንድቶ ሽማግሌውን ይገድላቸው ነበር።

ሐኪሙ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።

«ጠላኝ...» አለች በልቧ። ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም።

በማግስቱ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ግን ሁለቱን ምስሎች ለሁሉም ያሳየው ራሱ ነበር።

«እኔ የመጀመሪያውን አይቼ ልሸኛቸው ነበር። ያስቆመችኝ እሷ ናት። ትናንት ዝም ብዬ የወጣሁት አፍሬ ነው። ዛሬ ግን አብሬያት በመሥራቴ ኮርቻለሁ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እሷ የምትገባበት ጠፋት፤ በእሷ መኩራቱ ግን ደስ አሰኛት።

ያቺ ሥር ተደፈነች። እብጠቱም በቀጣዩ ምርመራ ቀንሶ ተገኘ። ሁለቱ ደግሞ ምሳ አብረው መብላት፣ ከዚያ መሸኛኘት፣ ከዚያማ... በቃ፣ ፍቅር!

አንድ እሁድ እናቱ ቤት ይዟት ሄደ።

«እማዬ፣ መሳሳቴን ፊት ለፊት የነገረችኝ እሷ ናት። እሺ ብላኛለች፣ ልንጋባ ነው።»

እናቱ እቅፍ አድርገው አገላብጠው ሳሟት።

«እኔ ወልጄ አሳድጌው ያቃተኝን! የኔ ጀግና፣ እንኳን መጣሽልኝ!»